ሳያድር የሄደ ደብዳቤ

የሰው ልጅ ቃሉን ከድምፁ ማዶ አሻግሮ ለማድረስ ያልሞከረው ዘዴ የለም። ነጋሪት ጎስሟል፤ በተራራ ጫፍ እሳት አንድዷል፤ ጦማሩን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ ፈጣን እግረኛ ልኳል። በእነዚህ ሁሉ መንገዶች ግን አንድ የጋራ ሕግ ጸንቶ ኖረ፤ ይኸውም ቃሉ ተጸንሶ ከላኪው እጅ እስኪወጣ፣ ወጥቶም ከተቀባዩ እስኪደርስ ድረስ ጊዜ ማለፉ ነው። ያ ጊዜ ለናፋቂ መከራ ነበር። ለተቆጣ ሰው ግን መድኃኒት ነበር። ይህን ሁለተኛውን እውነት በተግባር ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ በደሴ ከተማ ከፖስታ ቤት አቅራቢያ ተቀምጠው አርባ ዓመት ያህል ለሰው ደብዳቤና ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው።

አዛውንቱ ወንበራቸውን የሚዘረጉት ከአንድ የቆርቆሮ ክዳን ሥር ነው። ከፊታቸው ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ የአማርኛ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና፣ በግራቸው ካርቦን ወረቀት፣ በቀኛቸው ቁልፍ ያለው አንድ መሳቢያ ይገኛል። ሥራውን በጀመሩበት በ1970ዎቹ ማብቂያ ደንበኛቸው ብዙ ነበረ። ልጇ ሠራዊት ገብቶ ወደ ሰሜን የዘመተባት እናት፣ ባልዋ ለወደብ ሥራ አሰብ ወርዶ የቀረባት ሚስት፣ ስለ ቤት ከቀበሌ ጋር የተከራከረ አባወራ፣ ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ይቀመጣሉ። እሳቸው አዳምጠው ይጽፋሉ። መግቢያው የታወቀ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል ይባላል፤ የቤተ ሰቡ ደኅንነት ይገለጻል፤ የሞተው፣ የተወለደው፣ የተዳረው ይዘረዘራል፤ ዋናው ጉዳይ ከመጨረሻው መስመር ላይ እንደ ዘበት ጣል ይደረጋል። መልስ ሲመጣም ማንበብ የማይችሉት ይዘውላቸው ይመጣሉ፤ አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያነቡላቸዋል።

ቁጣ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ግን አንድ የተለየ ደንብ ነበራቸው። አይገሥጹትም፤ አይመክሩትም። የሚለውን ሁሉ አንድ ቃል ሳያስቀሩ ይጽፉና ጮክ ብለው ያነቡለታል። ከዚያም ወረቀቱን አጥፈው ከመሳቢያው ይከቱና ይቆልፉበታል። «ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ ዛሬ እዚህ ይደር። ነገ ጧት መጥተህ ውሰደው፤ ቴምብሩን እኔ እችለዋለሁ» ይሉታል። አንዳንዱ በነጋታው አይመለስም። አንዳንዱ ተመልሶ «ያችን መስመር ያውጡልኝ» ይላል። ሳያስለውጥ የሚወስድም አለ፤ እርሱም ቢሆን አድሮበት የወሰደው ነውና ቃሉ የገዛ ራሱ ቃል ይሆናል።

አዛውንቱ ያን ወንበር ከመዘርጋታቸው ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በሌላ ክፍለ ዓለም፣ ያን መሳቢያ ሥራ የሚያስፈታው መሣሪያ ተወልዶ ነበር። ልደቱ ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 29 ቀን 1969 መሆኑ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ሌናርድ ክላይንሮክ ቤተ ሙከራ፣ ቻርሊ ክላይን የተባለ ተማሪ ከኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ለሚገኝ ሌላ ኮምፒዩተር በስልክ መስመር «ሎግኢን» የሚለውን ባለ አምስት ፊደል የመግቢያ ቃል ለመላክ ሞከረ። «ኤል» የተባለችው ፊደል ደረሰች፤ «ኦ» የተባለችውም ደረሰች፤ ከዚያ በኋላ ማዶ ያለው ኮምፒዩተር ቆመ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጉድለቱ ታረመና ግንኙነቱ ሙሉ ሆነ። ዛሬ ኢንተርኔት የሚባለው የመረጃ መረብ ሀ ብሎ የጀመረው እንግዲህ ከመካከሉ በተቋረጠ ቃል ነው። በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ የሳንታ ባርባራና የዩታ ዩኒቨርሲቲዎች ተጨምረው የመረቡ አባላት አራት ሆኑ።

ወጪውን የሸፈነው በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሥር የሚገኘው አርፓ የተባለ የምርምር ድርጅት ነበር። ይህ ድርጅት የተቋቋመው ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ጠፈር ካመጠቀች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። መረቡ የኑክሌር ጦርነትን እንዲቋቋም ታስቦ ተሠራ የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ የመሥራቾቹ የቅርብ ዓላማ ግን በየዩኒቨርሲቲው ተነጣጥለው የሚሠሩትን ውድ ኮምፒዩተሮች ተመራማሪዎች ከሩቅ ሆነው በጋራ እንዲገለገሉባቸው ማስቻል ነበር። ጥቃትን የሚቋቋም የመገናኛ ዘዴ በእርግጥ ያጠናው በዚያው አገር ፖል ባራን የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ በብሪታንያም ዶናልድ ዴቪስ የተባለ ሳይንቲስት ለብቻው ሲያስብ ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር።

ሐሳቡ ለደብዳቤ ጸሐፊ ለመረዳት አያዳግትም። አንድ ሰው አሥር ገጽ ደብዳቤ አለው እንበል። አሥሩን ገጽ በአንድ ፖስታ አሽጎ በአንድ መልእክተኛ ከመላክ ይልቅ እያንዳንዱን ገጽ በየራሱ ፖስታ ያሽገዋል፤ በእያንዳንዱም ላይ የተቀባዩን አድራሻና የገጹን ተራ ቁጥር ይጽፍበታል። ከዚያ ወዲያ አንዱ ፖስታ በቆላ፣ ሌላው በደጋ መንገድ ቢሄድ ግድ የለም። አንዱ ድልድይ ቢሰበር መልእክተኛው በሌላው ይዞራል። ተቀባዩ ገጾቹን በቁጥራቸው ይደረድራል፤ የጎደለ ካለም አራተኛዋ ገጽ አልደረሰችኝምና ትደገምልኝ ብሎ ይጠይቃል። በኢንተርኔት ላይ የሚተላለፍ ጽሑፍ፣ ድምፅም ሆነ ሥዕል፣ ሁሉም በዚህ ዓይነት ተቆራርሶና ተቆጥሮ የሚጓዝ ነው።

የመረቡ እድገት ምሥጢር ታዲያ ከሽቦው ይልቅ ከስምምነቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ መሐንዲስ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚሄደውን ኢሜይል ፈለሰፈ፤ የተቀባዩን ስም ከሚገኝበት ኮምፒዩተር ስም የምትለየውን፣ ዛሬ በየአድራሻው መካከል የምትታየውን ምልክት የመረጠውም እርሱ ነው። ሌሎች መረቦችም እየተበራከቱ ሲሄዱ እያንዳንዱ የየራሱን ቋንቋ ስለሚናገር መግባባት ቸገረ። በ1974 ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን የተባሉት ሁለት ሰዎች ልዩ ልዩ መረቦች አሠራራቸውን ሳይለውጡ የሚገናኙበትን የጋራ ደንብ ጽፈው አቀረቡ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 የመጀመሪያው መረብ በዚህ ደንብ እንዲሠራ ተደረገ። ደንቡ ለማንም ክፍት ነበር። ከሁሉ የሚልቀው ጠባዩም አስተላላፊው የሚያደርሰውን እሽግ አድራሻ እንጂ ይዘት እንዲመረምር አለማስገደዱ ነው። በዚህ ረገድ መረቡ በመሠረቱ የጥንቱን የታማኝ መልእክተኛ ሥርዓት የተከተለ ነው ለማለት ይቻላል፤ ታማኝ መልእክተኛ የተላከበትን ጦማር ያደርሳል እንጂ ማኅተሙን አይፈታምና።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ በጄኔቭ አቅራቢያ በሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሲሠራ ሳለ፣ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች የተቀመጡ ጽሑፎች እርስ በርሳቸው የሚጠቋቆሙበትን፣ አንባቢውም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ዘዴ ሐሳብ አቀረበ። የድረ ገጽ መነሻ ይህ ነው። ማዕከሉም አፕሪል 30 ቀን 1993 ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለዓለም በነፃ ለቀቀው። ይህ ባይሆን ኖሮ የመረቡ ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ግምት በ2005 አንድ ቢሊዮን ያህል የነበረው የተጠቃሚ ቁጥር በ2024 ወደ 5.5 ቢሊዮን አድጓል፤ በዚያው ዓመት ከመረቡ ውጭ የነበረው ሕዝብ 2.6 ቢሊዮን ያህል ነበር።

ኢትዮጵያ ለሩቅ ድምፅ እንግዳ አልነበረችም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘርግቶ ነበር። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የግዕዝ ፊደል በዓለም ኮምፒዩተሮች ዘንድ ገና የጋራ ቦታ ስላልነበረው፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ችግሩ ለአዛውንቱ አዲስ አይደለም። የጽሕፈት መኪናቸው ከ200 በላይ የሆኑትን ሆሄያት በቁልፎቹ ላይ ሊይዝ ስለማይችል፣ የፊደሉን አካል አንድ ጊዜ፣ እግሩን ወይም ቀለበቱን ሌላ ጊዜ እየመቱ ሲገጣጥሙት ኖረዋል። የዓለምን ፊደሎች በአንድ መዝገብ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ለግዕዝ 345 ቦታዎችን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በደሴ የተጻፈ «ሀ» በዋሽንግተንም በጂዳም ያው «ሀ» ሆኖ ለመነበብ በቃ። ይህም ቢሆን የስምምነት ፍሬ ነው።

ስልክ ከእጅ ሲገባ የአዛውንቱ ወረፋ ሳሳ። እሳቸው ግን በዚህ አላማረሩም። በድሮው ዘመን የልጇን ድምፅ በካሴት ሰምታ ካሴቱን ከደረቷ ላጥፋ ታለቅስ የነበረች እናት፣ ዛሬ ጂዳ ያለችውን ልጇን ፊት ለፊት እያየች «ከሳሽብኝ» ትላታለች። ተማሪው የፈተና ውጤቱን፣ መምህሩ የትምህርት መርጃውን ከስልኩ ያወጣል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ነጋዴው በቴሌብር ይከፍላል፤ ይከፈለዋልም። ይህን ሁሉ በረከት ማቃለል በእናቶች እንባ መቀለድ ይሆናል።

የበረከቱ ልክ የታወቀው ደግሞ በተቋረጠ ጊዜ ነው። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ስልኩም ኢንተርኔቱም በአብዛኛው ተዘግቶ ኖሯል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜም ከተማይቱ ጸጥ አለች። በውጭ አገር ያሉ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ሲደውሉ ያደሩት ለማይጮኽ ስልክ ነበር። እናት በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ ሳምንታት አለፉ። መስመሩ ሲመለስ በብዙ ቤት የተሰማው የመጀመሪያ ቃል «አለሁ» የሚል ነው። ሁለት ፊደል አልፎ የተቋረጠው የዚያ የመጀመሪያ ምሽት ሙከራ በሰው ኑሮ ውስጥ የመጨረሻ ፍቺውን ያገኘው ምናልባት በዚህ ቃል ሳይሆን አይቀርም።

መረቡ «አለሁ» የሚለውን ቃል ያደረሰበት ፍጥነት ግን ሌላውንም ቃል የሚያደርስበት ፍጥነት ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በዚያችው ከተማ አንድ አባት ሞቱ። ታላቅ ልጃቸው ጂዳ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ስላልታደሰለት ከወጣ የማይመለስ ሆኖበት ለቀብር አልመጣም። ታናሹ ከእናቱ ጋር በአባቱ ቤት ይኖራል። ታላቅየው ከሩቅ ሆኖ ስለ ቤቱ ድርሻ ጠየቀ። አንድ ሌሊት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ታናሹ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ስልኩን አነሣና ዘመድ አዝማድ ሁሉ በሚጻጻፍበት የቤተ ሰብ መድረክ ላይ «አባቱን ያልቀበረ የአባቱን ቤት አይጠይቅም» ብሎ ጻፈ። ጣቱን ጫን አደረገ፤ ሄደ።

ዶሮ ሳይጮኽ ቃሉን በአዲስ አበባ ያለችው አክስት፣ በጂዳ ያሉት የአገር ልጆች፣ በዋሽንግተን ያሉት የአጎት ልጆች አነበቡት። ጧት ልጁ ደነገጠና ሰረዘው። ከስልኩ ጠፋ፤ ከሰው ልብ ግን የሚሰርዝ ቁልፍ የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አበው፤ በዚያ ሌሊት አፋፉ ሦስት ክፍለ ዓለም ነበር። ወንድማማቾቹ ለስምንት ወር ተኳረፉ።

እናት በመጨረሻ ወደ አዛውንቱ ጠረጴዛ መጡ።

«ጋሼ፣ እንደ ድሮው አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው» አሉ።

አዛውንቱ ወረቀቱን ከመኪናው አስገቡ። እናት ሰላምታውን ሳያስቀድሙ «ሁለታችሁም ልጆቼ አይደላችሁም» ከሚለው ጀመሩ። አዛውንቱ እንደ ወትሮው አንድ ቃል ሳያስቀሩ ጻፉ፤ አነበቡላቸው፤ አጥፈው ቆለፉበት።

«እቴ፣ ይደር» አሏቸው።

በነጋታው እናት ገና ፖስታ ቤቱ ሳይከፈት ደረሱ። ያችን የመጀመሪያ መስመር አስወጧት። በምትኳ የቆየው ሰላምታ ገባ። ከዚያ በታች ለታላቅየው እንዲህ አጻፉ፦ «የአባትህ ከፈን የተገዛው አንተ በላክኸው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከቀባሪዎቹ አንዱ ነህ። እኔ አይቻለሁ፤ እመሰክራለሁ።» ለታናሹ ደግሞ፦ «በሽተኛውን ሌሊት ሌሊት ያገላበጥኸው አንተ ነህ። ይህንንም እመሰክራለሁ» አሉ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አልበለጠም።

ቴምብር አላስፈለገም። የልጅ ልጃቸው ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ያ የቁጣ ቃል በተጻፈበት በዚያው መድረክ ላይ ላከችው። እንደዚያኛው ሁሉ ይህኛውም በተቆራረሰ እሽግ ሆኖ፣ በየብስና በባሕር ወለል በተዘረጋው መስመር ተጉዞ፣ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ጂዳ ደረሰ። መንገዱ አንድ ነው፤ ፍጥነቱ አንድ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ሳያድር መሄዱ፣ ሁለተኛው አድሮ መሄዱ ብቻ ነበር።

ታላቅየው በዚያን ቀን መልስ አልሰጠም። በሦስተኛው ቀን ለታናሹ ደወለ። ስለ ቤቱ ድርሻ አንድም ቃል አልተነሣም፤ ጉዳዩም እስከ ዛሬ አልተቋጨም። የጠየቀው በክረምቱ ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ ነው። ታናሹ «በምሥራቁ በኩል ትንሽ ያፈሳል» አለው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ መረቡን መርገም ዳኝነት አይሆንም። መልእክተኛው ታምኗል፤ የተሰጠውን አድርሷል። ጊዜ ያለ ሰው ፈቃድ በየደብዳቤው ላይ ይጥለው የነበረው ሌሊት ግን ተነሥቷል፤ ከእንግዲህ ያን ሌሊት የሚያኖረው ጸሐፊው ራሱ መሆን አለበት። ብዙ ወንድማማች ሕዝቦች በአንድ መድረክ ላይ በሚጻጻፉባት አገር ደግሞ የጎደለው የአንድ ቤተ ሰብ ሌሊት ብቻ አይደለም። መምህሩ ለተማሪው ኮምፒዩተር አከፋፈትን ሲያስተምር የደብዳቤን አዘጋግ አብሮ ቢያስተምር፣ የሕዝብ አደራ ያለበት ሰው መግለጫውን ከመልቀቁ በፊት ከመሳቢያ ቢያሳድረው፣ ደራሲውም ከጭብጨባው በፊት ዝምታውን ቢጠብቅ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ መሣሪያ የለም።

አዛውንቱ አሁንም ከወንበራቸው አልተነሡም። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው ላፕቶፕ ዘርግቶ የፓስፖርት ማመልከቻ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ወረፋው ወደ እርሱ ዞሯል። በቅርቡ አንድ ጎረምሳ ፊቱ ቀልቶ መጣና ለአሠሪው የሚልከውን መልእክት ልጁ ቃላቱን እንዲያሾልለት ስልኩን ዘረጋ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡ። ከዚያም መሳቢያውን ከፈቱ።

«ልጄ፣ ስልክህ ዛሬ እዚህ ይደር» አሉት።

ጎረምሳው ሳቀ። ስልኩን ግን ሳይልክበት ወደ ኪሱ መለሰው።